ከዋግ መቋቋሚያ ጋር የመጣ ጨው መቻያ፦ የአንድ የዱረም ስንዴ መስመር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ስለ ጨዋማ አፈር ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መስኖው፣ ስለ ፍሳሽ ቦዩና ስለ ከርሰ ምድር ውሃው ይሆናል። ይህ ተገቢ ነው። ተክሉ ግን በበኩሉ ወደ ሥሩ የሚገባውን ጨው የሚቆጣጠርበት የዘረመል ሥርዓት አለው፤ ይህ ሥርዓት ከአንድ የስንዴ ዘመድ ወደ ሌላው በማዳቀል ብቻ ተሻግሮ በገበሬ ማሳ ላይ ምርት እንደሚጨምር እስከ መጨረሻው የታየባቸው ጉዳዮች ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ በአውስትራሊያ በዱረም ስንዴ፣ ማለትም በእኛ አገር የፓስታና የማካሮኒ ስንዴ በምንለው ሰብል ላይ የተካሄደው ሥራ ነው። ሥራው ከእ.ኤ.አ. 2000 ገደማ እስከ 2012 ድረስ ደረጃ በደረጃ ይፋ ስለሆነ፣ የትኛው እርምጃ ከየትኛው ቀጥሎ እንደ መጣ መከታተል ይቻላል።

በሥራው የተሳተፉትን ሰዎች በስም አልጠራም። ከአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅትና ከአደሌድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የተክል ፊዚዮሎጂ፣ የማዳቀልና የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ባለሙያዎች እንደነበሩ መግለጽ ይበቃል። የእነዚህ ሦስት ሙያዎች በአንድ ጥያቄ ላይ መገናኘት ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው አምናለሁ።

ዳራ፦ ጨው በስንዴ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጨው ስንዴን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱ ጉዳቶች የሚታዩበት ጊዜም የተለያየ ነው። በመጀመሪያ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው ጨው ውሃውን ስለሚይዘው ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ እንደ ተጠማ ይሆናል፤ የአዳዲስ ቅጠሎችም ዕድገት ወዲያው ይቀንሳል። በዚህ ደረጃ ጨው ቻይ የሚባሉትም የማይችሉትም ዝርያዎች በብዙው ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፣ ሶዲየም ከውሃው ጋር ወደ ላይ እየወጣ በቅጠሎች ውስጥ ሲከማች ነው። ውሃው ከቅጠሉ ይተናል፤ ሶዲየሙ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ያገለገሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከጫፋቸው ጀምሮ ይቃጠላሉ። ቅጠሎቹ የሚሞቱበት ፍጥነት አዳዲሶቹ ከሚወጡበት ፍጥነት ከበለጠ ተክሉ እህሉን የሚሞላበት ስኳር ያጣል።

ሶዲየም በሴል ውስጥ የሚጎዳው በተለይ የፖታሺየምን ቦታ ስለሚሻማ ነው። ብዙ ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በፖታሺየም ነው፤ ሶዲየም ሲበዛባቸው ሥራቸው ይሰናከላል። አፈር ጨዋማ የሚባለው ከተበጠበጠው አፈር የተጨመቀው ውሃ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲደርስ ሲሆን፣ ይህም ወደ 40 ሚሊሞላር (በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው መለኪያ) የገበታ ጨው ማለት ነው። የባሕር ውሃ 500 ሚሊሞላር አካባቢ ጨው አለው።

ተክሎች ሶዲየምን የሚቋቋሙባቸው ዋና ዋና የዘረመል መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሶዲየምን ከሥር ሴሎች መልሶ ወደ አፈር መግፋት ነው። ይህን የሚመራው አራቢዶፕሲስ በተባለችው ትንሽ የላቦራቶሪ ተክል ላይ የተገኘው «ኤስኦኤስ» የሚባለው ሰንሰለት ነው፤ ጨው ሲመጣ በሴሉ ውስጥ የካልሲየም መጠን ይለወጣል፣ ለውጡን አንድ ፕሮቲን ይለያል፣ እርሱ ሁለተኛውን ያነቃል፣ ሁለተኛውም በሴሉ ሽፋን ላይ ያለውን የሶዲየም አስወጪ ሥራ ያስጀምረዋል። ሁለተኛው መንገድ ሶዲየምን በሴሉ ውስጥ ባለው ትልቅ የውሃ ከረጢት፣ በቫኪዩል ውስጥ ማከማቸት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ውሃ ወደ ላይ በሚያመላልሰው ቱቦ፣ በዛይለም፣ የገባውን ሶዲየም ቅጠል ሳይደርስ መልሶ መቅዳት ነው። ይህን የሚሠሩት «ኤችኬቲ» የሚባለው ቤተሰብ አባል የሆኑ ዘረመሎች ሲሆኑ፣ ከቤተሰቡ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1994 ከስንዴ ሥር የተገኘው ነው። የያዝነው ጉዳይ በሙሉ በዚህ በሦስተኛው መንገድ ላይ ያርፋል።

ችግሩ

ዱረም ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ለጨው ስስ ነው። በአንድ ዓይነት ጨዋማ አፈር ላይ ጎን ለጎን ቢዘሩ የዱረሙ ቅጠል ከዳቦ ስንዴው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሶዲየም ይይዛል። ምክንያቱ በዘር ታሪካቸው ውስጥ ይገኛል። ዱረም 28 ክሮሞሶሞች ያሉት ሲሆን «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት የዘረመል ስብስቦችን ይዟል። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ከሁለቱ በተጨማሪ ከአንድ የዱር ሣር ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ ያገኘው «ዲ» የሚባል ሦስተኛ ስብስብ አለው። ሶዲየምን ከቅጠል የሚያርቀውና ፖታሺየምን የሚያስቀድመው የዳቦ ስንዴ ዘረመል ያለው በዚህ በሦስተኛው ስብስብ፣ በክሮሞሶም 4ዲ ላይ ነው። ዱረም ስብስቡ የለውም፤ ስለዚህ ይህም ጥበቃ የለውም።

የአውስትራሊያ የስንዴ አምራቾች ችግር ከመስኖ የመጣ አልነበረም። በዝናብ የሚለማው ሸክላማ አፈራቸው ከሥር ሶዲየም የበዛበትና ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ በመሆኑ ጨው በታችኛው የአፈር ክፍል ይጠራቀማል። እንዲህ ያለውን አፈር አጥቦ ማጽዳት ለአንድ ገበሬ የሚቻል ሥራ ስላልሆነ መፍትሔውን ከዘሩ መፈለጉ ምክንያታዊ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሦስተኛውን ቅጠል መለካት

የመጀመሪያውና በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀው ውሳኔ ምን እንደሚለካ የወሰኑበት ነው። ጨው መቻልን በምርት ለመለካት ቢሞክሩ ኖሮ በየማሳው የሚለዋወጠው ጨው፣ ድርቁና በሽታው ተደባልቆ ከዘር የመጣውን ልዩነት ይሸፍንባቸው ነበር። ችግኝን በጨው ውስጥ አሳድጎ ክብደቱን መመዘንም ቢሆን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በአጭር ጊዜ የሚታየው የውሃ እጦቱ ጉዳት እንጂ የሶዲየሙ አይደለም። ስለዚህ አንድ ጠባብ ነገር መረጡ፦ በሦስተኛው ቅጠል ውስጥ ያለው ሶዲየም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ችግኞቹ ንጥረ ምግብ ባለው ውሃ ይበቅላሉ። ጨዉ በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ድንገተኛ ድንጋጤ እንዳይፈጥር ቀስ በቀስ እየተጨመረ 150 ሚሊሞላር እንዲደርስ ይደረጋል፤ የካልሲየም መጠኑም አብሮ ይስተካከላል። ሦስተኛው ቅጠል ከወጣ ከ10 ቀን በኋላ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በውስጡ ያለው ሶዲየም ይለካል። የሁሉም ተክሎች ቅጠል በዕድሜ እኩል መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ሶዲየም በዕድሜ ስለሚጠራቀም የአንዱን አሮጌ ቅጠል ከሌላው አዲስ ቅጠል ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ተክሉ ስለማይሞት እዚያው አድጎ ዘር ይሰጣል፤ የተመረጠውም ለቀጣዩ ማዳቀል ይውላል።

በዚህ መንገድ ከተለያዩ ምንጮች የተሰበሰቡ የዱረምና የዘመዶቹ ናሙናዎች ሲፈተሹ አብዛኞቹ እንደተጠበቀው ብዙ ሶዲየም ያዙ። አንዱ መስመር ግን የያዘው ሶዲየም ከዳቦ ስንዴ ጋር የሚቀራረብ ነበር። መለያ ቁጥሩ 149 ነው።

መስመሩ ከየት መጣ

የመስመር 149 የዘር ሐረግ ሲመረመር ነገሩ ወደ 1970ዎቹ መጀመሪያ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ስለ ጨው ምንም ያላሰበ አንድ ተመራማሪ የግንድ ዋግን የሚቋቋም ዘረመል ፍለጋ ዱረምን ከአይንኮርን ጋር አዳቅሎ ነበር። አይንኮርን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ትሪቲኩም ሞኖኮከም፣ ሁለት እጥፍ ክሮሞሶም ብቻ ያለው በጣም ጥንታዊ ስንዴ ነው፤ የሰው ልጅ አላምዶ ከዘራቸው የመጀመሪያዎቹ ሰብሎች አንዱ ሲሆን መነሻው የዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ አካባቢ ነው። የክሮሞሶም ስብስቡ ከዱረም «ኤ» ስብስብ ጋር የቅርብ ዝምድና ስላለው ሲዳቀሉ ቁራጭ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ዋግ መቋቋሚያው ሲፈለግ ሌላም ቁራጭ አብሮ ገባ፤ ዘሩም በክምችት ክፍል ውስጥ ለአሥርታት ተቀመጠ።

ዘረመሎቹን መለየት

መስመር 149 ታማሮይ ከሚባለው በወቅቱ ገበያ ላይ ከነበረ የአውስትራሊያ ዱረም ጋር ሲዳቀል፣ በሁለተኛው ትውልድ ዝቅተኛ ሶዲየም ያላቸውና ከፍተኛ ሶዲየም ያላቸው ተክሎች በ15 ለ1 የሚጠጋ ሬሾ ተከፈሉ። ይህ ጠባዩን የሚወስኑት ሁለት ዋና ዘረመሎች መሆናቸውን፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖርም ሶዲየም እንደሚቀንስ የሚያመለክት ነው። ብዙ ሰው ጨው መቻልን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዘረመሎች የሚመራና ለአዳቃይ የማይጨበጥ ጠባይ አድርጎ ያስብ ነበር። በሶዲየም ብቻ ሲታይ ግን ጉዳዩ ወደ ሁለት ወረደ።

የመጀመሪያው በክሮሞሶም 2ኤ ረጅም ክንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገኝቶ «ናክስ 1» ተባለ፤ በዚያ የማዳቀል ሕዝብ ውስጥ ከታየው ልዩነት 38 በመቶ ያህሉ በእርሱ የተገለጸ ነበር። ሁለተኛው፣ «ናክስ 2»፣ በክሮሞሶም 5ኤ ላይ ነው። ሁለቱም ቦታዎች ከሩዝ የዘረመል ካርታ ጋር ሲነጻጸሩ በሁለቱም ላይ የኤችኬቲ ቤተሰብ አባላት ተገኙ። ፊዚዮሎጂው የሚለያቸውን ነገር አሳየ። ናክስ 2 ሶዲየምን ከዛይለሙ የሚቀዳው በሥር ውስጥ ነው። ናክስ 1 ግን በሥር ከመቅዳቱ በላይ፣ ቅጠሉ አገዳውን በሚያቅፍበት ክፍልም ሶዲየምን ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ እቅፉ በሶዲየም ሲሞላ ብርሃን የሚሰበስበው ዋናው ቅጠል ንጹሕ ይሆናል።

የናክስ 2 ዘረመል በእርግጥ የተባለውን ሥራ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ወደ እንቁራሪት እንቁላል ገባ። አንድ ዘረመል እዚያ ውስጥ ፕሮቲኑን ሲሠራ በእንቁላሉ ሽፋን በኩል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በረቂቅ መርፌ መለካት ይቻላል። ፍሰቱ ሶዲየም ሲኖር የሚታይ ሆነ። በስንዴው ሥር ውስጥ ደግሞ ዘረመሉ የሚሠራው በዛይለሙ ዙሪያ ባሉት ሴሎች መሆኑ ታየ። አንድን ሶዲየም ተሸካሚ ጠቃሚ የሚያደርገው ይህ ቦታው ነው፤ ያው ፕሮቲን በሥሩ ውጫዊ ክፍል ቢሠራ ኖሮ ሶዲየም ያስገባ ነበር።

ማሳ ላይ መሞከር

ቀጥሎ ከታማሮይ ጋር በተደጋጋሚ መልሶ በማዳቀል በናክስ ቁራጮች ብቻ የሚለያዩ መንትያ መስመሮች ተዘጋጁ። በየትውልዱ ቁራጩ ያለበትን ችግኝ ለመለየት የዘረመል ምልክት፣ ማርከር፣ ጥቅም ላይ ውሏል። ሥራው በሙሉ በተለመደው ማዳቀል የተሠራ በመሆኑ ዘሩ ዘረመሉ በላቦራቶሪ ከተለወጠ ሰብል ጋር የሚመደብ አልነበረም፤ ይህም ወደ ገበሬ ማሳ የሚወስደውን መንገድ አሳጥሯል።

የሠራውና ያልሠራው

በ150 ሚሊሞላር ጨው ውስጥ ባደጉ ወጣት ተክሎች ላይ ናክስ 1 የቅጠሉን ሶዲየም ሦስት እጥፍ፣ ናክስ 2 ሁለት እጥፍ፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ አራት እጥፍ ቀነሱት። በሰሜናዊ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚገኝ የንግድ እርሻ ላይ ደግሞ ናክስ 2 ያለው ዱረም በጨዋማው ማሳ ከመንትያው 25 በመቶ የበለጠ እህል ሰጠ። ጨው በሌለበት ማሳም ምርቱ አልቀነሰም። ገበሬ በአንድ እርሻው ውስጥ ደህና ቦታም ጨዋማ ቦታም ስለሚኖረው፣ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን የማያስከፍል ዘር መሆኑ ከ25 በመቶው ባልተናነሰ ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ላይ መቆም ይገባል። በቅጠል ሶዲየም ላይ ይበልጥ የበረታው ናክስ 1 ሲሆን፣ በምርት ጎልቶ የወጣው ግን በሶዲየም ደካማ የመሰለው ናክስ 2 ነው። ስለዚህ ሶዲየምን ሁለት እጥፍ የቀነሰ ዘረመል ሦስት እጥፍ ከቀነሰው ያነሰ ምርት ይሰጣል ብሎ ማስላት አይቻልም። የቅጠል መለኪያው ዘረመሉን ለማግኘት እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ የመጨረሻውን ፍርድ ለመስጠት ግን ማሳው ያስፈልግ ነበር።

የናክስ ቁራጮች በኋላ ከዱረም ወደ ዳቦ ስንዴም ተሻግረዋል። እዚያም ናክስ 1 የቅጠሉን ሶዲየም በ50 በመቶ፣ ናክስ 2 በ30 በመቶ፣ ሁለቱ አብረው በ60 በመቶ ቀነሱት። ነገር ግን የዳቦ ስንዴ ከቀድሞውም የራሱ ጥበቃ በክሮሞሶም 4ዲ ላይ ስላለው፣ የሶዲየሙ መቀነስ ብቻውን እንደ ዱረሙ ያለ የምርት ተስፋ አይሰጥም። ከዳቦ ስንዴ ዝርያዎች መካከል በቅጠላቸው ብዙ ሶዲየም እየያዙ በጨዋማ አፈር ደህና የሚያፈሩም አሉ፤ እነዚህ የሚተማመኑት ሶዲየሙን በማራቅ ሳይሆን በቅጠል ሴሎቻቸው ውስጥ ችለው በማስቀመጥ ነው። አንዱን መንገድ ብቻ የሚለካ አዳቃይ እንዲህ ያሉትን ዝርያዎች ሳያያቸው ይጥላቸዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ሁለቱም ዘረመሎች በመጀመሪያው ደረጃ የሚመጣውን የውሃ እጦት አይነኩም። ችግኝ በጨው ምክንያት ካልወጣ ከዛይለም ሶዲየም መቅዳቱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያሳየው

ይህን ጉዳይ ከማዳቀል ታሪክነት አልፎ እንድወደው ያደረገኝ ከሌሎች ተክሎች ጋር ሲቀመጥ የሚታየው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኖና ቦክራ ከሚባል ጨው ቻይ የሩዝ ዝርያ የተለየው ዘረመል የኤችኬቲ ቤተሰብ አባልና የናክስ 2 የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የዳቦ ስንዴው የ4ዲ ጥበቃም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ይህ ዘረመል እንዲዳከም ሲደረግ የቅጠሉ ሶዲየም ጨምሯል። ሩዝና ስንዴ ከተለያዩ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ዓይነት ችግር ሲገጥማቸው ግን ልዩነቱ የታየው በዚያው ዘረመል ላይ ነው።

የዳቦ ስንዴ ጥበቃውን ያገኘው ከዱር ሣር ጋር በመዳቀል ነው፤ መስመር 149 ደግሞ በሰው እጅ ከአይንኮርን ጋር በመዳቀል። በሁለቱም ጊዜ ለሚቀጥለው ትውልድ የተላለፈው በሌላ ዘመድ ውስጥ ተፈትኖ የቆየ ዘረመል እንጂ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ሰው የሚያደርገው ማዳቀል ተፈጥሮ በስንዴ ላይ ያደረገችውን ይመስላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አቅጣጫው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ግን አራቢዶፕሲስ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት በባሕር ዳርቻና በጨዋማ አፈር አካባቢ የሚገኙት የዚህች ተክል ሕዝቦች በሥራቸው ደካማ የሆነ የኤችኬቲ ቅጂ እንደሚበዛባቸውና ቅጠላቸው ከመሐል አገሮቹ ይልቅ ብዙ ሶዲየም እንደሚይዝ አሳይቷል። ቀደም ብሎ ከተጠኑት የዳርቻ ሕዝቦች በአንዳንዶቹ የተለወጠው ፕሮቲኑ አይደለም፤ ከዘረመሉ ፊት ያለው፣ መቼና የት እንዲሠራ የሚያዘው ክፍል ነው። በስንዴ ሶዲየምን ማራቅ ሲመረጥ በዳርቻዋ አራቢዶፕሲስ ሶዲየምን መቀበል ተመረጠ፤ በሁለቱም የተነካው ቁልፍ አንድ ነው። ስለዚህ «ጨው የሚያስችል ዘረመል» ብሎ ነገር በራሱ የተሟላ አይደለም። ዘረመሉ በየትኛው ሴል ውስጥ፣ በምን ያህል ብርታት፣ በየትኛው ተክል ውስጥ እንደሚሠራ አብሮ መነገር አለበት።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ከጉዳዩ የምወስደው ቀዳሚ ትምህርት ውስብስብ ጠባይን በጅምላ ከመፈለግ ይልቅ ወደሚለኩ ክፍሎች መበተን ይሻላል የሚለው ነው። ክፍሉ ሲመረጥ በፊዚዮሎጂ የተደገፈ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ሦስተኛው ቅጠል የተመረጠው ሶዲየም በዕድሜ እንደሚጠራቀም ስለታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ዓላማ የተሠራ የማዳቀል ውጤት ዓላማው ካለፈም በኋላ ከነዘር ሐረጉ መዝገብ ጋር መቀመጥ አለበት። የ1970ዎቹ ዘርና መዝገብ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ 149 አይገኝም ነበር። ዘር ማስቀመጫ ክፍልን እንደ ወጪ ብቻ ለሚመለከት የበጀት ኃላፊ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሦስተኛ፣ በአንድ ቁራጭ ብቻ የሚለያዩ መንትያ መስመሮችን ለማዘጋጀት የሚጠፋው ጊዜ አይባክንም፤ ያለ እነርሱ 25 በመቶው ከናክስ 2 መምጣቱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር።

ይህ ጉዳይ ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። ኢትዮጵያ በዱረም ስንዴ ስብጥር ከዓለም ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ናት፤ በአርሶ አደሩ እጅና በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ የተቀመጡ ብዙ የአገር ዘሮች አሏት። በሌላ በኩል በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ ያለ በቂ ፍሳሽ በተካሄደ የጥጥ መስኖ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ሰፊ መሬት ጨዋማ ሆኗል፤ በአዋሽ ቆላም የመስኖ ስንዴ እየተስፋፋ ነው። የአዋሹ ጨው ግን ከአውስትራሊያው በመነሻው ይለያል። እዚህ ውሃው ከታች ስለሚወጣ የፍሳሽ ቦይና አፈርን የማጠብ ሥራ ቀድሞ መሠራት አለበት፤ ናክስ 2 ያለው ዘር የቦዩን ሥራ አይሠራም።

የአገር ዘሮቹን በሦስተኛው ቅጠል መፈተሽ ግን ለማንኛውም መካከለኛ ላቦራቶሪ የማይከብድ ሥራ ነው። የችግኝ ገንዳ፣ የገበታ ጨው፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም ሶዲየምን በነበልባል የሚለካ ፎቶሜትር ያስፈልገዋል። ፈተናው ሲዘጋጅ አንድ የዳቦ ስንዴና አንድ የታወቀ ከፍተኛ ሶዲየም የሚይዝ ዱረም ለማነጻጸሪያ አብረው መግባት አለባቸው። ዝቅተኛ ሶዲየም የያዙት ተመርጠው፣ ብዙ ሶዲየም እየያዙ ቅጠላቸው ለምለም ሆኖ የሚቆየውም ሳይጣሉ፣ ሁለቱም ወገን በአሚባራ ዓይነት ማሳ ላይ ከአፈሩ ጨው ልኬት ጋር በምርት መመዘን ይኖርባቸዋል።